ኩሽኔታውን እኛ፣ ሞላውን ባለሙያው

ዛሬ የምናወራው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ ስለ ኳስም አይደለም። ስለ ኩሽኔታ ነው። አዎ፣ ስለ ኩሽኔታ! ያውም ኮፈን ከፍቶ እንኳ ለማየት ስለምታስቸግር፣ በፊት አሞርዛተር አናት ላይ ተሸጉጣ ስለምትኖር አንዲት ክብ ኩሽኔታ። "እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?" የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ የሚባል ዕቃ በዓለም ላይ መኖሩን አናውቅም ነበር። መንጃ ፈቃድ ግን ሁላችንም ኪስ ውስጥ ነበረ።

ነገሩ የጀመረው በሠርግ ነው። ጥር 2011 ዓ.ም. ከመካከላችን የአንዱ የአጎት ልጅ ዝቋላ ውስጥ ሊያገባ ሆነ። ዝቋላ ሲባል የቢሾፍቱ አካባቢው ተራራና ገዳም ትዝ የሚለው ብዙ ነው። የኛው ዝቋላ ሌላ ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርድ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ጽጽቃ ይባላል። አራት ሆነን በአንድ አሮጌ ኮሮላ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ደሴን፣ ወልዲያን፣ ቆቦን፣ አላማጣን አልፈን፣ የግራካሶን ጠመዝማዛ ወጥተን ኮረም ገባን፤ ከኮረም ደግሞ ወደ ሰቆጣ ታጠፍን። አቧራው እዚያ ተቀበለን።

ሰቆጣ ስንደርስ ኮሮላችን አዲስ ጠባይ አምጥታለች። ቆመን መሪ ስናዞር መጀመሪያ ትንሽ ታቃስታለች፤ ከዚያ ከፊት በኩል "ጓ!" የሚል ድምፅ ታወጣለች። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ እንደ ድሮው በራሱ አይመለስም፤ ገፋ እያደረጉ መመለስ ነው። አራታችንም ኮፈኑን ከፍተን ቆምን። ሁለታችን ዩኒቨርሲቲ የጨረስን ነን፤ አንዳችን እንደውም ምሕንድስና ነው የተማረው። አራት ሰው፣ ስምንት ዐይን፣ ዜሮ ዕውቀት። ዘይት መለካት የምናውቅ መሆናችንን ለራሳችን ለማረጋገጥ ያህል ዘይት ለካን። ዘይቱ ምንም አልሆነም።

የትርታ ምርመራ

በኋላ አንድ ቤት በረንዳ ላይ የሚሠሩ መካኒክ ጠቆሙን። "ጋራዥ" የሚል ጽሑፍ የለም፤ ያረጀ ጎማ፣ የዘይት ጣሳና ሁለት ክሪክ አለ፤ አለቀ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ብዙም አልጠየቁንም። አንዳችንን መሪ ላይ አስቀምጠው "ሞተሩን አስነሣ፤ ቆመህ ዳር እስከ ዳር አዙር፤ ቀስ እያልክ" አሉት። እሳቸው በርከክ ብለው እጃቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል አሳልፈው የጣታቸውን ጫፍ ሞላው ላይ አሳረፉ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ልክ ሐኪም ትርታ እንደሚያዳምጥ።

"ና ንካው" ብለው ሌላኛችንን ጠሩት። "ከላይ በስሱ ብቻ! ጣትህን በቀለበቶቹ መሀል እንዳታስገባ።" ነካው። ሞላው ከመሪው ጋር እኩል መዞር ሲገባው እምቢ ብሎ ይወጠራል፤ ይወጠራል፤ ከዚያ ድንገት ይስፈነጠራል። "ጓ!" የሚለው እሱ ነው።

"ኩሽኔታው ነው" አሉ መካኒኩ እጃቸውን እየጠረጉ። "አቧራ በልቶታል። እኛ ጋ ይሄ በሽታ ብዙም የለም፤ የከተማ መኪና በሽታ ነው። ቀስ እያላችሁ ከነዳችሁ አዲስ አበባ ያደርሳችኋል። እዚያ ስትደርሱ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ፍቱት፤ አራት ጎረምሳ አምስት ብሎን አያቅተውም። ሞላውን ግን መጭመቂያ ላለው ሰው ስጡት። ሞላ ቀልድ አያውቅም።"

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለዚች ለመጨረሻዋ ምክር ስንል ነው። ያኔ አልገባችንም ነበር።

ይህች ኩሽኔታ ማን ናት?

"የከተማ መኪና በሽታ" ያሉት ስድብ መስሎን ነበር። እውነት ነው እንጂ ስድብ አይደለም። ዋግ ውስጥ ጭነት የሚያመላልሰውን አይሱዙ እዩት። የፊት አክስሉ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ የሚሸከመው ባሌስትራ ነው። በየገጠሩ የምናየው ረጅሙ ላንድክሩዘር፣ ሰባ ተከታታይ የሚባለው፣ እሱም ፊቱ ወጥ አክስል ነው። የድሮዎቹ በባሌስትራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ያሉት ደግሞ በሞላ የተሸከሙት ናቸው። ሞላ ቢኖራቸውም መሪ ሲዞር ሞላው አብሮ አይዞርም። ስለዚህ አናቱ ላይ ኩሽኔታ አያስፈልገውም። የሌለ ዕቃ ደግሞ አይበላሽም።

የከተማው ታሪክም ቢሆን እንዲሁ ነበር። በሰማያዊና ነጭ ቀለም የምናስታውሳት ሰይቸንቶ ታክሲ ፊቷን የሚሸከማት አግድም የተኛ ባሌስትራ ነበር። ከእሷ በኋላ የመጣው ላዳም ሞላ ቢኖረውም ሞላው በላይና በታች ክንዶች መሀል የተቀመጠ ነው፤ ከጎማው ጋር አይዞርም። የጥንቱ ቮልስ ደግሞ ጭራሽ ሞላ የለውም፤ በሚጠመዘዝ ብረት ነው የሚንሳፈፈው። አባቶቻችን ይህችን ኩሽኔታ ሳያውቋት ዕድሜ ልካቸውን ቢነዱ አይገርምም።

ነገሩን የቀየረው ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞላውንና አሞርዛተሩን አንድ ላይ ሰክቶ በአንድ ዓምድ ሠራው። ዓምዱ ከታች ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር በሁለት ትልልቅ ብሎን ይታሰራል፤ ከላይ በብዙዎቹ ኮሮላዎች ላይ በሦስት ዳዶ ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል። ቦታ አይፈጅም፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ትንንሽ መኪናዎች ሁሉ ወደዱት። ኮሮላ፣ ዲኤክስ፣ ቪትዝ... ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ዐይናችሁ የሚያርፍበት የቤት መኪና አብዛኛው ፊቱ ማክፈርሰን ነው።

ታዲያ ይህ ብልሃት አንድ ዕዳ አለበት። መሪ ስናዞር ጎማው ብቻ ሳይሆን ዓምዱ ከነሞላው ይዞራል። መኪናው አካል ግን አይዞርም። በሚዞረውና በማይዞረው መሀል የግድ አንድ አስታራቂ መኖር አለበት። አስታራቂዋ ያቺ ኩሽኔታ ናት። የመኪናውን ክብደት ተሸክማ፣ ጉድጓድ በመታን ቁጥር ዱላውን ተቀብላ፣ መሪ በዞረ ቁጥር በሰላም ታዞራለች። አቧራና የጭቃ ውኃ ሲገባባት ግራሶዋ ይደርቃል፤ ኳሶቿ ይበላሉ፤ ዝገት ይይዛታል። ያኔ ማስታረቁን ታቆማለች። ሞላው ይጠመዘዛል፤ ይስፈነጠራል። መሪ ይከብዳል፤ በራሱ አይመለስም። ጉድጓድ ላይ "ድው" ይላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከፊት በኩል የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ኩሽኔታ አይደለም። መኪናው እየሄደ ሲታጠፍ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" የሚል ከሆነ የአክስሉ ጆይንት መጠርጠር አለበት። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ ቦል ጆይንት ወይም ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። የኩሽኔታው ልዩ ምልክት ግን ቆሞ መሪ ሲዞር የሚሰማው ውጥረትና መስፈንጠር ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ጓደኛና ሁለት ጣት ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለምን ይህን ሁሉ እንዘበዝባለን? አዲስ አበባ ተመልሰን የገባንበት አንድ ጋራዥ ኮፈን እንኳ ሳይከፍት "ሁለቱም አሞርዛተር ይቀየራል፤ የመሪ ሳጥኑም ሳይታይ አይቀርም" አለን። ትርታዋን በጣታችን ባንነካት ኖሮ "እሺ" ብለን እንከፍል ነበር። አሞርዛተሩ ላይ የዘይት ጠብታ የለም፤ ወንዙን ሳያይ ጫማ እንደሚያወልቅ ሰው ነው የሆነብን። መኪናችንን ይዘን ወጣን።

እሑድ፣ ግቢ ውስጥ

ኩሽኔታውን ሶማሌ ተራ ገዛነው። ምክር አንድ፦ የድሮውን ናሙና ወይም የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ሳትይዙ አትሂዱ። አንዳንዱ መኪና ላይ ኩሽኔታው ለብቻው ይሸጣል፤ ሌላው ላይ ከላይኛው የጎማ መቀመጫ ጋር ተጣብቆ አንድ ዕቃ ሆኖ ይመጣል። ምክር ሁለት፦ ግራና ቀኙን እኩል ግዙ። አብረው ተንከራተዋል፤ አንዷ ካለቀች ሌላዋም ሩቅ አይደለችም።

እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጀመርን። ቦታው ደልዳላና ጠንካራ መሆን አለበት። የእጅ ፍሬን ተያዘ፤ የኋላ ጎማዎች በታኮ ታገዱ። የጎማውን ዳዶ መኪናው መሬት እንዳለ ላላ አደረግነው፤ ከተነሣ በኋላ ከሆነ ጎማው አብሮ ይዞራል፤ መኪናውም ይወዛወዛል። በክሪክ አነሣነው፤ ከሥር የብረት ማቆሚያ አስገባን። እዚህ ላይ በየግቢው የምናየውን ነገር ሳንናገር አናልፍም። ብሎኬት የመኪና ማቆሚያ አይደለም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አይገባም። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አልተሠራም።

ጎማው ወለቀ። የፍሬኑን ቱቦ ከዓምዱ ላይ የያዘውን ማያያዣ ፈታን፤ ቱቦው እንዳይወጠር። ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች ከመንካታችን በፊት ቦታቸውን በቀለም ምልክት አደረግንባቸው፤ የጎማው ዘንበል ብዙ እንዳይዛባ ነው። ጎማውን የሚሸከመው ብረት ወደ ውጭ እንዳይወድቅና አክስሉን እንዳይጎትት በሽቦ አሰርነው። ብሎኖቹ የዛጉ ናቸው፤ ቀጭን ዘይት ነፋንባቸው፤ ቡና ተፈላ፤ እስኪጠጣ ዘይቱ ሠራ። በመጨረሻ አንዳችን ዓምዱን ከሥር ደግፎ ሌላኛችን ከላይ ሦስቱን ዳዶዎች ፈታ። ሙሉው አሞርዛተር ከነሞላው እጃችን ላይ ወረደ። መካኒኩ እንዳሉት፣ አምስት ብሎን! ከዩኒቨርሲቲ ምረቃችን ቀን ባልተናነሰ ደስ አለን።

እዚህ ላይ ነው ያበላሸነው፤ ወይም ልናበላሽ የነበረው።

ዓምዱ መሬት ላይ ተኝቷል። አናቱ መሀል ላይ አንድ ዳዶ አለ። ኩሽኔታዋ ከሥሩ ትታያለች። በእኛና በእሷ መሀል ያለው ያ አንድ ዳዶ ብቻ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ርቦናል፤ ድል ደግሞ ያሰክራል። አንዳችን "ሞላውን በወፍራም ሽቦ ጠፍረን ዳዶውን እንፍታው፤ ምን ይመጣል?" አለ። (ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ምሕንድስና የተማረው ነው ያለ ካለ ግን አንክድም።) ሽቦው መጣ። ኪያቬው ዳዶው ላይ ገባ።

ያዳነን የመካኒኩ ቃል ነው። "ሞላ ቀልድ አያውቅም።" አንዳችን ድንገት ደገመው፤ ሁላችንም ቆም አልን። ከዚያ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን። ወደ አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ የሚመዝን ኮሮላ ከክብደቱ ስድሳ በመቶ ያህሉን የሚያሳርፈው ፊቱ ላይ ነው፤ ሞተሩ እዚያ ነውና። ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ የፊት ሞላ ላይ ሦስት ኩንታል ጤፍ ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ሞላው ከመኪናው ወጥቶ እንኳ በዓምዱ ላይ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ውጥረቱን ይዞት ያለው ያ የመሀሉ ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶው ሲፈታ ያ ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ፊት ለፊቱ ደግሞ ያለው ጎንበስ ብሎ ኪያቬ የያዘው ልጅ ፊት ነው። በዚህ ዳዶ እጃቸውን፣ ጥርሳቸውን፣ ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ሽቦ አያስጥልም።

ኪያቬውን አወጣነው። ዓምዱን ጠቅልለን በታክሲ ጭነን ሁለት ፌርማታ ራቅ ብሎ ወዳለ፣ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የሞላ መጭመቂያ ወዳለው ባለሙያ ሄድን። ልጁ በእድሜ ታናሻችን ነው። ሞላውን በመጭመቂያው አስገብቶ እኩል እኩል ጨመቀው፤ ሞላው ከመቀመጫው ላላ እስኪል። ከዚያ ነው ዳዶውን የፈታው። የዕቃዎቹን ቅደም ተከተል በስልካችን ፎቶ አነሣን፤ ሮንዴላው፣ የጎማ መቀመጫው፣ ኩሽኔታው፣ የሞላው ባርኔጣ። የድሮዋ ኩሽኔታ በጣት ስትዞር እንደ አሸዋ ትንሿሿለች፤ ከውስጧ ቡናማ ዱቄት ወጣ። የዋግ አቧራ አዲስ አበባ ድረስ አብሮን መጥቷል ማለት ነው።

ልጁ አዲሷን ሲገጥም አንድ ነገር አሳየን። ኩሽኔታዋ ላይና ታች አላት፤ ተገልብጣ ከገባች በወር ውስጥ ትመለሳለች። የሞላው ጫፍም በሥር መቀመጫው ላይ የተዘጋጀችለትን ጉድጓድ መያዝ አለበት። እኛ ብቻችንን ብንሠራው ኖሮ ሁለቱንም እንስት ነበር። ሁለቱ ዓምዶች ለእሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሆኑ። ተመልሰን ገጠምን፤ በሁለተኛው ቀን ጎማውን አላይመንት አስያዝን። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ምልክት አድርገን እንኳ ጥቂት ተዛብቶ ነበር። መሪው ቅቤ ሆነ። "ጓ" ጠፋ።

እጃችን ለምን ንጹሕ ሆነ?

አሁን ወደ ሐሳባችን እንግባ። እኛ መንዳት የምናውቅ፣ የምንነዳውን የማናውቅ ትውልድ ነን። ይህ የሆነው ሰነፍ ስለሆንን ብቻ አይመስለንም። ያደግንበትን አስተሳሰብ አስታውሱ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። ኪያቬ መያዝ "የወደቀ ልጅ" ዕጣ ተደርጎ ተነገረን። እናቶቻችን "ተማር፤ አለበለዚያ ጋራዥ ነው የምትገባው" ሲሉ እንደ ማስፈራሪያ ነበር። ታዲያ ንጹሕ እጅ የትምህርት ምልክት፣ ግራሶ የነካው ጥፍር የውድቀት ምልክት ሆኖ በውስጣችን ቢቀር ምን ይገርማል?

የጋራዡ ቋንቋ እንኳ ለኛ ባዕድ ነው። ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ባሌስትራ... ቃላቱን ከጣልያን የተቀበሉት የኛው ሠራተኞች ናቸው፤ ሙያውን ከነቋንቋው ወስደው የራሳቸው አደረጉት። እኛ ግን በአማርኛ ዜና አንብበን፣ በእንግሊዝኛ ፈተና አልፈን፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስንገባ አስተርጓሚ የሚያስፈልገን ሆነናል። የማያውቁትን ቋንቋ በሚናገር ሰው ፊት ደግሞ ሰው ወይ ይፈራል ወይ ይታለላል።

በዚያ ላይ ዘመኑ ምሕረት የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በብዙ እጥፍ አስወደደው። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር ከሃምሳዎቹ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት መቶን አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ውጤቱ ግልጽ ነው። አሁን መንገድ ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። ሊቆይ የሚችለው ደግሞ የሚያውቀው ባለቤት ካለው ነው።

"እኛ ኤሌክትሪክ ነው የምንገዛው" የምትሉም አትሳቁ። አዲስ አበባ ላይ የሚታዩት የቮልስዋገን አይዲ አራትና መሰሎቹ ፊታቸው ማክፈርሰን ነው። ሻማ የለም፣ ዘይት መቀየር የለም፤ ኩሽኔታዋ ግን አለች። ባትሪው ከባድ ስለሆነ እንደውም የምትሸከመው ይበልጣል። ጉድጓዱ ደግሞ የመኪናውን ነዳጅ አይጠይቅም።

ለሚቃወሙን

ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ሰምተናል። አንደኛው "ጊዜዬ ገንዘብ ነው፤ ሰው ይሥራልኝ" ይላል። ይሥራልህ። ግን ምን እንደሚሠራልህ ዕወቅ። እኛ አንድ እሑድ አጠፋን፤ በዚያች እሑድ የተማርነው ከዚያ በኋላ በገባንበት ጋራዥ ሁሉ ተከትሎናል። "የትኛው? አሳየኝ እስቲ" ማለት ቻልን። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር ታተርፋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክፉ አይደለም። "የመካኒኩን እንጀራ ልትዘጉ ነው" ይላል። ይህ እኛንም አሳስቦን ነበር። ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው። ዳዶውን ለመፍታት አንድ ሰዓት የታገለ ሰው የመካኒክን ዋጋ አይከራከርም። መጭመቂያ ላለው ልጅ ያለ ድርድር ከፈልን፤ ያውም አመስግነን። ሙያን የሚንቀው ያልሞከረው ነው። ደግ መካኒክን ከአጭበርባሪው ለይቶ የሚደግፈውም ትንሽ የሚያውቅ ደንበኛ ነው፤ ምንም የማያውቅ ደንበኛ ሁለቱንም እኩል ይጠረጥራል፣ እኩል ይሰድባል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። "አደጋ አለው፤ ልጆችን ለጉዳት አታነሣሡ።" ልክ ነው። ለዚህ ነው "ሁሉን ራሳችሁ ሥሩ" የማንለው። ኢንተርኔት ላይ ሞላ በሁለት ተራ መጭመቂያ ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ሁሉም ቀላል ያስመስሉታል። መጭመቂያው ሲንሸራተት የሚያሳይ ግን እምብዛም አይለቀቅም። የኛ ሐሳብ መሀሉ ነው። ድምፁን ራሳችሁ ለዩ። ጎማውን፣ ቱቦውን፣ አምስቱን ብሎን ራሳችሁ ፍቱ። ሙሉውን ዓምድ ይዛችሁ ሂዱ። የመሀሉን ዳዶ ግን መጭመቂያና ልምድ ላለው ሰው ተዉ። ኩሽኔታውን እኛ፣ ሞላውን ባለሙያው። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ድፍረት ነው። ምንም የማይነካው ሰውም፣ ሁሉን የሚነካውም ይህን ልክ አያውቁትም።

ለሰቆጣው ሰው

አንዳንዴ እነዚያን መካኒክ እናስባለን። እሳቸው አገር ያለ ሾፌር የመኪናውን ሆድ ዕቃ ሳያውቅ መንገድ አይወጣም። ረዳቱም ኪያቬ የማይዝ ከሆነ ረዳት አይባልም። ተበላሽቶ ተከዜ ቁልቁለት ላይ የቆመን መኪና የሚጎትት አይመጣምና። እኛ ደግሞ በየመቶ ሜትሩ ጋራዥ ስላለ ማወቅ የማያስፈልገን መስሎን ኖርን። ዕውቀት እጥረት ያለበት ገጠር ነው ብለን ስንሄድ፣ ዕውቀት የቸገራቸው አራት ከተሜዎች ኮፈን ከፍተው ቆመው ነበር።

ከዚያ ጥር ወዲህ ዋግ ብዙ ነገር አይቷል። ጦርነት ገባ፤ ሕዝቡ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ መንገዶች ተዘጉ። የመካኒኩን ስም ሳንጠይቅ ነው የተለያየነው፤ ዛሬ በረንዳቸው ላይ ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ላስመረመሩን ምርመራ አልከፈልናቸውም፤ "የምርመራ የለም" ብለው መለሱን። ለዳነው የአንድ ጓደኛችን ፊትም ቢሆን አላመሰገንናቸውም፤ እዳው ያኔ አልታየንም ነበራ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ይሁን።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ ራዲዮኑን አጥፉ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፤ ቆማችሁ መሪውን ዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩና አዳምጡ። "ጓ" ካለ ጓደኛ ጥሩና ትርታውን ንኩ። መኪና የሌላችሁም የጎረቤታችሁን አዳምጡለት፤ ማወቅ ባለቤትነት አይጠይቅም።

ቸር ይግጠመን።